ትልቅ ጎማ ለሚገጠምለት የጭነት መኪና ተስማሚውን የማርሽ ምጣኔ ስለ መምረጥ

በደንዲ ወረዳ ክረምት ሲገባ በጊንጪ ዙሪያ ያለው መረሬ አፈር ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ከአዲስ አበባ–አምቦ–ነቀምት አውራ ጎዳና ወጥቶ ወደ ቀበሌ የሚገባ መኪናም ብዙ ሳይርቅ ይሰምጣል። ወቅቱ ደግሞ የጤፍ ዘር የሚደርስበት ነው። ማዳበሪያው በጊዜው መጋዘን ካልገባ አባላት ያለ ማዳበሪያ ለመዝራት ይገደዳሉ። ስለዚህ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የመኪናቸውን ጎማ በትልቅ ጎማ ለመለወጥ ቢያስቡ አያስገርምም። ሆኖም ጎማ ሲያድግ የማርሹና የፍሬኑ አሠራርም አብሮ እንደሚለወጥ ሊታወቅ ይገባል።

ጥቅሙና ጉዳቱ

ትልቅ ጎማ መኪናውን ከመሬት ከፍ ስለሚያደርገው ዲፈረንሻሉ በጭቃው ላይ እንዳይቀመጥ ይረዳል። በአንጻሩ በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ስለሚረዝም የመሳብ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ሾፌሩ በሦስተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውን ዳገት በሁለተኛ ለመውጣት ይገደዳል። ፍሪሲዮን ቶሎ ያልቃል። ፍሬኑም በዚያው መጠን ይደክማል፤ ይህም ጭኖ ቁልቁለት ለሚወርድ መኪና አደገኛ ነው።

ስሌቱ

መኪናው እንደ ተጫነ በጎማውና በመሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ ጎማው አንድ ዙር ሲዞር የሄደውን ርቀት መለካት ነው። ለምሳሌ 7.50-16 ጎማ 2.46 ሜትር፣ 8.25-16 ደግሞ 2.63 ሜትር ሄደ እንበል። 2.63 ለ2.46 ሲካፈል 1.07 ያህል ይሆናል። ይህም ማለት የመሳብ ኃይሉ ከ6 በመቶ በላይ ቀንሷል፤ የፍጥነት መለኪያው 60 ሲያሳይም መኪናው በእርግጥ 64 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል።

ቀጥሎ የዲፈረንሻሉን ምጣኔ ማወቅ ያስፈልጋል። የኮሮናው ጥርስ 41፣ የፒኞኑ 7 ከሆነ ምጣኔው 5.86 ነው። ይህ በ1.07 ሲባዛ 6.27 ይመጣል። ኮሮናው 43፣ ፒኞኑ 7 የሆነ ቢገኝ ምጣኔው 6.14 ስለሆነ የጠፋውን ኃይል አብዛኛውን ይመልሳል። ኮሮናና ፒኞን ምንጊዜም ጥንድ ሆነው ይለወጣሉ፤ አንዱን አዲስ፣ ሌላውን አሮጌ አድርጎ መግጠም አይገባም። ፍሬኑን ግን ይህ ለውጥ አያስተካክለውም፤ ስለዚህ ጭነትን መቀነስና ቁልቁለትን በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ የግድ ነው።

ሞተሩን ስለ ማስተካከል

ኃይል ሲያንስ የናፍጣ ፖምፓውን ከፍቶ ናፍጣ መጨመር መፍትሔ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትር ከፍታ ከኃይሉ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ጊንጪ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ስለሚል ሞተሩ አስቀድሞ ከኃይሉ አንድ አምስተኛውን አጥቷል። የጎደለው ናፍጣ ሳይሆን አየር ነው። የተጨመረው ናፍጣ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ሞተሩን ያግለዋል፤ ዘይቱንም ያበላሻል። ስለዚህ በቅድሚያ የአየር ማጣሪያውን ማጽዳት፣ ኖዝሎቹን ማስመርመርና የቫልቮቹን ክፍተት ማስለካት ይመከራል።

ከመግዛት በፊት

አዲሱ ጎማ ለቸርኬው ስፋት ተስማሚ መሆኑ ይረጋገጥ። የኋላ ጥንድ ጎማዎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ፣ የፊቶቹም መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ባሌስትራና ፓራፋንጎ እንዳይነኩ ይታይ። ጎማ አደገ ተብሎ የጭነት ልክ አይጨመርም፤ አክስሉና ባሌስትራው የድሮዎቹ ናቸውና።

መኪናው አብዛኛውን ጊዜ በአስፋልት እህል ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልስ ከሆነ የድሮውን የጎማ ልክ እንዲይዝ እንመክራለን። ለክረምቱ በዚያው ልክ ጥርሱ ጥልቅ የሆነ ጎማ መግጠም፣ ሰንሰለት መያዝና ጭነቱን ለሁለት ጊዜ መክፈል ይበቃዋል። ዓመቱን ሙሉ ከአስፋልት ውጭ ለሚሠራ መኪና ግን የትልቁ ጎማና የኮሮና ፒኞኑ ዋጋ አንድ ላይ ተደምሮ ለማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ ይቅረብ። የልማት ሠራተኞችም ከሾፌሩና ከመካኒኩ ጋር ሆነው ልኬቱን ከክረምት በፊት ቢያከናውኑ፣ ማዳበሪያው በዘር ሰዓት መንገድ ላይ እንዳይቀር ይረዳሉ።