ያውቁ ኖሯል? «ሀ» ለኮምፒውተር 4608 ናት

ለፊደላት ቁጥር የሚመድበው ሥርዓት ዩኒኮድ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ የግዕዝን ፊደል ሲያካትት ለ«ሀ» 4608 ቁጥርን ሰጣት። አንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ብቻ ስለሚይዝ ቁጥሩን ለብቻው አይችለውም፤ ሁለት ባይት ያስፈልጋል። ለ256 ሲካፈል 18 ደርሶ 0 ይቀራል፤ ሁለቱ ባይቶች እነዚህ ናቸው። ቅደም ተከተላቸው ቢገለበጥ ቁጥሩ 18 ሆኖ ይነበባል፣ ፊደሏም ትጠፋለች። ማሽኑ 0 እና 1ን ብቻ እያወቀ፣ ሰውም በአስር መቁጠር እየቀለለው፣ ፕሮግራመሮች በ16 መሠረት መጻፋቸው ትርፍ ድካም ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን ድካም የሚቀንሰው እሱ ነው እላለሁ። ያው ቁጥር በ16 መሠረት 1200 ነው፤ ከመሃል ሲከፈል 12 እና 00፣ ማለትም 18 እና 0፣ ያለ ማካፈል ይወጣሉ። እንዲያውም የፊደል ገበታችን ራሱ ይታያል፦ «ለ» 1208፣ «ሐ» 1210፣ «መ» 1218። እያንዳንዱ ቤት ስምንት ቦታ ስለተመደበለት ግዕዙ ሁልጊዜ በ0 ወይም በ8 ያልቃል። 4616፣ 4624፣ 4632 ብለን ብንጽፋቸው ይህ ሥርዓት ይደበቃል።

እርግጥ ድረ ገጾች በብዛት የሚጠቀሙበት ዩቲኤፍ-8 «ሀ»ን በሦስት ባይት ያስቀምጣታል፤ የ256 ክፍፍል እዚያ አይሠራም። የሚከፈለው በ64 ነው፦ 4608 ማለት አንድ 4096፣ ስምንት 64 እና 0 ነው። በመጀመሪያው ላይ 224፣ በቀሪዎቹ ላይ 128 ሲደመር 225፣ 136፣ 128 ይሆናል።