«በዩኒቨርሲቲ ጥናት የተረጋገጠ» ሲባል ምን ልጠይቅ?

ኮዬ ፈጬ የማያቸው የስኳር ታካሚዎች ስልካቸውን አውጥተው «ዶክተር፣ ይሄ እኮ በዩኒቨርሲቲ ተጠንቷል» ይሉኛል። ብዙውን ጊዜ የሽፈራው ዱቄት ማስታወቂያ ነው። ሜትፎርሚናቸውን አቁመው የሚመጡም አሉ፤ ስኳራቸው ሲለካ ግን በጣም ከፍ ብሎ ይገኛል።

ሽፈራው በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች መጠናቱ እውነት ነው። ግን በማን ላይ? ስኳር እንዲይዛቸው የተደረጉ አይጦች ላይ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። አይጥ ላይ የሠራ ነገር ደግሞ ሰው ላይ ሲሞከር ብዙ ጊዜ ይከሽፋል። ሰው ላይ ከሆነም፣ ስንት ሰው? ካልወሰዱት ጋር ተነጻጽሯል? ማን እንደሚወስድ የተለየው በዕጣ ነው? ሃያ ሰው ወስዶ «ተሻለኝ» ቢል፣ በዚያው ሰሞን እንጀራ ቀንሶ፣ በእግሩ መሄድ ጀምሮ ሊሆን ይችላል።

ብሩንስ ማን ከፈለ? ጥናቱ መጨረሻ አካባቢ የገንዘብ ምንጭና የጥቅም ግጭት የሚገለጽበት ቦታ አለ። ሻጩ ከከፈለ ጥናቱ ውሸት ነው ማለት አይደለም (የብዙ መድኃኒቶችን ጥናት የከፈሉት አምራቾቹ ናቸው)። እኔ ግን ገለልተኛ ቡድን ደግሞት ያው ውጤት እስኪመጣ እጠብቃለሁ።

ገንዘብ ምን ሳይጠና እንደሚቀርም ይወስናል። እንዶድን ውሰዱ። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚህ ናቸው። ትልቅ ግኝት ነበር። ለሰውና ለአካባቢ ጉዳት እንደሌለው በዓለም አቀፍ ደረጃ ለማስመርመር ግን ገንዘብ ፍለጋው ዓመታት ፈጀ። ከዶ/ር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ያገኙት በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። በእኔ እይታ፣ አጥር ሥር የሚበቅል ተክል ለኩባንያ ትርፍ አለማምጣቱ አንዱ ምክንያት ነው።

የዱቄት ሻጮችም «ኩባንያዎች ስለማይፈልጉት ነው ያልተጠናው» ይላሉ። ሊሆን ይችላል! ግን ያልተጠና ነገር እንዴት ሆኖ «ተረጋገጠ»? ፕሮፌሰር አክሊሉ እኮ የታገሉት እንዶድ እንዲመረመር ነው፤ ከምርመራ እንዲያመልጥ አይደለም።

ሜትፎርሚን የምትወስዱ፣ ማስታወቂያ አይታችሁ አታቁሙ። ስክሪንሾቱን ለሐኪማችሁ አሳዩት። እዚህ ኮመንት ላይ ብታስቀምጡትም በማን ላይ እንደተሠራ አይቼ እነግራችኋለሁ።