ሰዓቱ ወይስ አእምሮው?

ውድ አንባቢ፥ እስቲ ለጥቂት ጊዜ ራስዎን በፈተና ወንበር ላይ ያስቀምጡ። ከፊትዎ ባለው ወረቀት ራስጌ ላይ ከ1 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ እያንዳንዱም ቁጥር የራሱ ምልክት አለው። ከዚያ በታች ቁጥሮቹ ተዘበራርቀው ተደርድረዋል። የእርስዎ ሥራ በየቁጥሩ ሥር ተገቢውን ምልክት መጻፍ ነው። ጊዜው 2 ደቂቃ ብቻ ነው። ፈታኙ ሰዓቱን ይዞ «ይጀምሩ!» ይላል።

በዚህ መካከል ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ቢሰማና ሐሳብዎ ለ10 ሰከንድ ያህል ተከትሎት ቢሄድ ነጥብዎ ይቀንሳል። ታዲያ የቀነሰው የማሰብ ችሎታዎ ነውን?

ሐሳባቸው ቶሎ ቶሎ ለሚበተንባቸው፥ ማለት የትኩረት ችግር ላለባቸው ሰዎች፥ ይህ ጥያቄ የትምህርትና የእንጀራ ጥያቄ ነው።

የብልኅነት ፈተና ሲጀመር እሽቅድምድም አልነበረም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1905 ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር 30 ጥያቄዎች ያዘጋጀው፥ በትምህርት ልዩ እርዳታ የሚያሻቸውን ልጆች ለይቶ ለማወቅ ነበር። ሰዓት ትልቅ ሥልጣን ያገኘው በ1917 አሜሪካ ወደ ጦርነት ስትገባ ነው። እጅግ ብዙ ምልምል ወታደሮችን በአንድነት ለመፈተን በደቂቃ የተወሰነ የጽሑፍ ፈተና ተዘጋጀ። በ1939 ዴቪድ ዌክስለር ባወጣው ፈተና ውስጥም ከላይ ያየነውን የመሰለ የምልክት ሥራ ገባበት።

ተመራማሪዎች ደጋግመው እንዳዩት፥ የትኩረት ችግር ያለባቸው ሰዎች በአማካይ ዝቅ የሚሉት በተለይ በሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም በፍጥነት ሥራና የሰሙትን በቃል ይዞ በማቆየት ነው። የቃላትን ትርጉም በማስረዳትና የነገሮችን ዝምድና በመግለጥ ግን ብዙዎቹ ከእኩዮቻቸው አያንሱም። ሁሉም ተደምሮ አንድ ቁጥር ሲወጣ ደካማው ጎን ብርቱውን ይሸፍነዋል።

እንግዲህ ሰዓቱን እንጣለው? ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ፈጥኖ መሥራትም ራሱ ችሎታ ነው። ደግሞም ጊዜ ቢጨመር ችግር የሌለበትም ተፈታኝ ይጠቀማል። የሚሻለው ሰዓቱ የለካውንና አእምሮው የሠራውን ለይቶ ማንበብ ነው። በዛሬዎቹ የዌክስለር ፈተናዎች እነዚያን ሁለት ክፍሎች ትቶ ሌላ ድምር ማስላት ይቻላል። እርሱም ቢሆን ከሰዓት ፈጽሞ ነጻ አልወጣም፤ ቀይና ነጭ ኩቦችን ገጣጥሞ ሥዕል ማውጣት አሁንም በሰዓት ይለካል።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ የራስዎ ወይም የታናሽ ወንድምዎ ውጤት እጅዎ ቢገባ፥ «በየትኛው ክፍል ስንት አገኘ?» ብለው ይጠይቁ እንጂ በአንዱ ቁጥር ብቻ አይፍረዱ። ነገ መምህር ወይም ሠራተኛ ቀጣሪ ሹም ሲሆኑም «ይህ ሥራ በእውነት ጥድፊያ ይፈልጋልን?» ብለው አስቀድመው ያስቡ። አባቶቻችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ያሉት ፈጣን ሁሉ ብልኅ እንዳልሆነ ስላወቁ ነው፤ እንደዚሁም የዘገየ ሁሉ ሞኝ አይደለም።