ኮከቧ ምን ትላለች?

የጣርማ በርን ብርድ ተሻግረው ቁልቁል ሲወርዱ፣ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሸዋሮቢት ትገኛለች። ከላይ መንዝ ባናና በርኖስ ሲደራረብ፣ እዚህ ይፋት ቆላ ላይ የሱፍ ሹራብ መልበስ ራስን መቅጣት ነው። ስለዚህ የቆላ ኪሮሽ ወዳጁ የጥጥ ክር ነው፤ የሚወጣለትም የሶፋ፣ የቴሌቪዥንና የረከቦት ዳንቴል።

ሙያው ሲተላለፍ ወረቀት አያውቅም። ጎረቤት ቤት ያማረ ዳንቴል ከታየ ይዋሱታል፣ ይገለብጡታል፣ ይቆጥሩታል፣ ሞዴሉን ያወጡታል። አገሩ በሽመና የታወቁት አርጎቦችም አገር ነውና፣ ድር ቆጥሮ ጥለት ማውጣት እዚህ እንግዳ ነገር አይደለም። ግራ መጋባት የሚመጣው ቴሌግራም ላይ የውጭ ሞዴል ሲገኝ ነው። ፎቶው ያምራል፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ግን ፊደል፣ ቁጥርና ኮከብ የተደበላለቀበት ነው። እስቲ አብረን እንፍታው፤ ከሚያስፈራው በላይ ይቀላል።

ከኮከቧ እንጀምር። የሕፃን ኮፍያ በመርፌ እየሠራችሁ አናቱ ላይ ደርሳችኋል፣ መርፌው ላይም 90 ዓይን አለ እንበል። ዓይን የምለው እያንዳንዷን ቀለበት ነው። መመሪያው «* 8 ሥሩ፣ 2ቱን አጣምራችሁ አንድ አድርጉ፤ ከ* ድገሙ» ይላል። ኮከቧ የምትሠራ ነገር አይደለችም፤ «ተመልሳችሁ ከዚህ ጀምሩ» የምትል ምልክት ብቻ ናት። አሁን ሂሳቡን ተመልከቱ። አንዱ ድግግሞሽ 10 ዓይን ይበላል፣ 9 ይመልሳል። 90 ለ10 ሲካፈል 9 ጊዜ ነው፤ ዙሩ ሲያልቅ መርፌው ላይ 81 ይቀራል። ቀጣዩ ዙር «7 ሥሩ፣ 2ቱን አጣምሩ» ቢል 9 በልቶ 8 ይመልሳል፣ 72 ይሆናል። ዙሩ መጨረሻ ላይ 3 ዓይን ተርፎ ከተገኘ፣ ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ቀደም ባለው ዙር ላይ ነው። ክሩን ከመንካታችሁ በፊት ይህችን ሂሳብ በእስክሪብቶ ሥሯት፤ ግማሹ ጭንቀት እዚያው ያልቃል።

«80 (88፣ 96፣ 104)» የሚለው ደግሞ አራት ልክ ነው። የእናንተን ልክ ከላይ እስከ ታች አክብባችሁ ሌላውን እርሱት።

ይልቅ ተንኮለኛዋ «በተመሳሳይ ጊዜ» የምትለው ናት። የብብቱን መቀነሻ ሙሉ አንቀጽ ያስነብቧችሁና መጨረሻ ላይ «በተመሳሳይ ጊዜ አንገቱን ጀምሩ» ይሏችኋል። እስከዚያ ድረስ ብብቱ አልቋል! ጸሐፊው መጀመሪያ ላይ ቢያስቀምጣት ምን ነበረበት? መድኃኒቱ አንድ ነው፦ አንቀጹን እስከ ነጥቡ ሳያነቡ አለመጀመር።

ወደ ዳንቴላችን ስንመለስ ትልቁ ወጥመድ ይጠብቀናል። እንግሊዝና አሜሪካ አንዱን የኪሮሽ ሥራ በተለያየ ስም ይጠሩታል። ኪሮሹን አስገብታችሁ ክር ስትስቡ ሁለት ቀለበት ይኖራችኋል፤ በሁለቱም ውስጥ አንዴ ካሳለፋችሁ አጭሩ ሥራ አለቀ። ይህን አሜሪካኖች «ሲንግል» ሲሉት እንግሊዞች «ደብል» ይሉታል። ከማስገባታችሁ በፊት ክሩን ኪሮሹ ላይ አንዴ ከጠመጠማችሁ ግን ቀለበቱ ሦስት ይሆናል፤ ሁለት ሁለቱን እያደረጋችሁ ሁለት ጊዜ ታሳልፋላችሁ። ይህ ረጅሙ ነው፤ ለአሜሪካ «ደብል»፣ ለእንግሊዝ «ትሬብል»። «ሲንግል» የሚል ካያችሁ ሞዴሉ የአሜሪካ ነው፣ እንግሊዞች በዚያ ስም የሚጠሩት ሥራ የላቸውምና። ከሌለ ደግሞ ስሙን ትታችሁ ጥምጥሙን ጠይቁ፦ ከማስገባቴ በፊት ስንት ጊዜ ልጠምጥም?

ሞዴሉ ይህንንም ካልነገራችሁ ዳንቴሉ ራሱ ይናገራል። ክብ ዳንቴል ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ እንዲተኛ፣ በአጭሩ ሲሠራ በየዙሩ 6 ገደማ፣ በረጅሙ ሲሠራ 12 ገደማ መጨመር አለበት። ለአጭሩ የተጻፈውን 6 በረጅሙ ከሠራችሁት ጠርዙ እየተሰበሰበ እንደ ሳህን ይጎደጉዳል። ለረጅሙ የተጻፈውን 12 በአጭሩ ከሠራችሁት ደግሞ ዳሩ ይተርፍና ይጨማደዳል። አራተኛው ዙር ላይ ቆጠራችሁ ልክ ሆኖ ሳለ ሥራው ከጎደጎደ ወይም ከተጨማደደ፣ እስከ መሀሉ ተርትሩትና በሌላኛው አገር አጠራር ጀምሩት።