«1780» የሚል ጠገራ ብር በእጃችሁ ካለ



በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ጌታችን አሥር ድሪም ስለ ነበራት ሴት አስተምሯል። አንዱ ቢጠፋባት በመብራት ቤቷን ሁሉ ጠርጋ ፈለገችው። ድሪሙ የብር ገንዘብ ነበር። አንዳንድ መምህራን ሴትዮዋ ድሪሞቹን እንደ ጌጥ ታደርጋቸው እንደ ነበር አድርገው ያብራሩታል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን እናቶችና አያቶች አንገት ላይ በክር የተንጠለጠለ ጠገራ ብር ብዙዎቻችን አይተናል።

በካይሮ ከምንኖር እህቶች መካከል ከቤተሰብ የተሰጣትን ጠገራ ወይም የብር መስቀል ይዛ የመጣች አለች። የቤት ኪራይ ሲያጥራት ወይም ከአገር ቤት የሕመም ወሬ ሲመጣ ይዛው ወደ ብር ሻጮች ትሄዳለች። ሌላዋ ደግሞ በኻን ኤል ኸሊሊ ስታልፍ ጠገራ አይታ የአገሯ ትዝታ ይቀሰቀስባታል። ሻጩም «1780 ይላል፣ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል» ሲላት የተጠየቀችውን ትከፍላለች። አንዷ በርካሽ ትሸጣለች፣ ሌላዋ በውድ ትገዛለች። የሁለቱም ችግር ጠገራውን በደንብ አለማወቅ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ጠገራ ከየት እንደ መጣ፣ እንዴት እንደሚለይ፣ መሰብሰብ ለምትወዱም እንዴት እንደሚሰበሰብ እናያለን።

በጠገራው ላይ ያለችው ሴት ማን ናት?

በጠገራው አንድ ፊት ሻሽ የደፋች ሴት ትታያለች። ማርያ ቴሬዛ ትባላለች። ከ1740 እስከ 1780 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያን፣ ሃንጋሪንና ቦሄሚያን የገዛች ንግሥት ናት። አሥራ ስድስት ልጆች ወልዳለች። ባሏ በ1765 ከሞተ በኋላ እስከ ሕይወቷ ፍጻሜ የኀዘን ልብስ አልተለየችም፤ በራሷ ላይ የምናየውም የመበለት ሻሽ ነው። በሌላው ፊት ሁለት ራስ ያለው ንስር አለ። ዙሪያውን የተጻፈው በላቲን ቋንቋ ስሟና ማዕረጓ ነው። በጠርዙ ላይ ደግሞ «በፍትሕና በርኅራኄ» የሚል ትርጉም ያለው መፈክሯ ጎልቶ ተቀርጿል።

ንግሥቲቱ በኅዳር ወር 1780 እ.ኤ.አ. ሞተች። እንደ ልማዱ ቢሆን ከዚያ በኋላ የሚወጣው ገንዘብ የተተኪውን ንጉሥ መልክ መያዝ ነበረበት። ነገር ግን በቀይ ባሕር ዙሪያ ያሉ ነጋዴዎች የእርሷን መልክ ለምደው ሌላ አንቀበልም አሉ። ኦስትሪያም ያንኑ መልክና ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ መቅረጿን ቀጠለች። ስለዚህ 1780 የሚለው ቁጥር ገንዘቡ የተሠራበትን ዓመት አያመለክትም። ንግሥቲቱ የሞተችበትን ዓመት ብቻ ነው የሚነግረን፤ እንደ መታሰቢያ ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው።

ከቪየና እስከ አገራችን ገበያ

በዚያን ዘመን አውሮፓውያን የየመንን ቡናና ሌላውን የምሥራቅ ሸቀጥ የሚገዙት በብር ነበር። ጠገራው ከኦስትሪያ በትሪየስተ ወደብ ይጫንና ወደ ግብጽ ይመጣል። ከካይሮ ነጋዴዎች እጅ ወደ ጅዳና ወደ ሞካ ይሻገራል። ከዚያም በምጽዋ በኩል ወደ ሐበሻ ተራሮች ይወጣል። ዛሬ እኛ የምንኖርበት ከተማ ጠገራ ወደ አገራችን ሲሄድ ካለፈባቸው በሮች አንዱ ነበር።

ሕዝባችን ጠገራን የወደደው በምክንያት ነው። አንደኛ፣ የብሩ መጠን ከዓመት ዓመት አይለወጥም ነበር። ሁለተኛ፣ ጠርዙ ጽሑፍና ጌጥ ስላለው ሌባ ከዳር ፍቆ ቢቀንሰው ወዲያው ይታወቃል። ባላገሩም ሻሿንና በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ አይቶ፣ የደበዘዘውን ይመልስ ነበር። ለትንንሽ ግብይት ጠገራ ስለሚበዛ አሞሌ ጨው በዝርዝርነት ያገለግል ነበር። ወርቅ የሚመዘንበት ወቄትም የአንድ ጠገራ ክብደት ያህል ነው። «ብር» የሚለው የማዕድኑ ስም የገንዘባችን ስም ሆኖ የቀረውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

የእንግሊዝ ጦር በ1868 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ ሲዘምት በመንገዱ ላይ ለስንቅና ለከብት የከፈለው በጠገራ ነበር። በአገሩ ሰው ዘንድ ሌላ ገንዘብ እንደማይሠራ አዛዦቹ ያውቁ ነበር።

የነገሥታቱ ሙከራ

አፄ ምኒልክ የአገራችንን ስም የያዘ ገንዘብ እንዲኖር ፈልገው በፓሪስ አስቀረጹ። ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው የምኒልክ ብር በአንድ ፊት የንጉሡን መልክ፣ በሌላው አንበሳ ይዟል። ክብደቱም ከጠገራው ጋር እንዲመሳሰል ተደርጎ ነበር። ከእርሱ በታች አላድ፣ ሩብና ተሙን የሚባሉ ነበሩ። ሕዝቡ ግን የለመደውን ጠገራ መምረጡን አልተወም።

በ1905 እ.ኤ.አ. በተደረገ ስምምነት የተቋቋመው የመጀመሪያው ባንካችን፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ ከካይሮ ጋር የተያያዘ ነው። ፈቃዱን ያገኘው ዛሬም በየሰፈሩ ቅርንጫፍ ያለው የግብጽ ብሔራዊ ባንክ፣ ማለትም «አል አህሊ» የምንለው ነበር። ይህ ባንክም ቢሆን ጠገራን ከገበያ ማስወጣት አልቻለም። በ1931 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ጠገራ ሕጋዊ ቦታውን ለወረቀት ገንዘብ የለቀቀው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከታወጀ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙው ጠገራ ወደ አንጥረኛ ቤት ገባ። ቀልጦ ድሪ፣ አልቦና የአንገት መስቀል ሆነ። በአክሱም ዘመን ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል በገንዘቡ ላይ መስቀል አስቀርጾ ነበር፤ በዓለም ላይ መስቀል ከያዙ የመጀመሪያዎቹ ገንዘቦች መካከል ይቆጠራል። እናቶቻችን ደግሞ ገንዘቡን አቅልጠው መስቀል አሠሩበት። በአንገታችሁ ያለው አሮጌ የብር መስቀል አንድ ጊዜ በገበያ የዞረ ጠገራ የነበረ ሊሆን ይችላል።

ሁሉም «1780» የሚለው ለምንድን ነው?

በ1935 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ የጠገራውን መቅረጫ ከኦስትሪያ አግኝቶ በሮም ማሠራት ጀመረ። የአገራችንን ሰው በለመደው ገንዘብ ለመግዛት ነበር ሐሳቡ። ንግዱ እንዳይቋረጥባቸው ሌሎችም ተከተሉ። በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ ቆይቶም በቦምቤይ ተቀረጸ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኦስትሪያ መቅረጹ የራሷ ብቻ እንዲሆን አድርጋ ሥራውን በቪየና ቀጠለች። የቪየና የገንዘብ መቅረጫ እስከ ዛሬም ይሠራዋል።

እንግዲህ አስቡት። ከ200 ዓመት በፊት የተሠራውም፣ ሙሶሊኒ ያሠራውም፣ በቅርቡ ከቪየና የወጣውም «1780» ነው የሚሉት። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ስለ ተሠራም ጠገራ በራሱ ብርቅ አይደለም። ብዙዎቹ የሚያወጡት በውስጣቸው ያለው የብር ዋጋ ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። እውነተኛ ጥንታዊ የሆኑት ወይም ጥቂት ብቻ የተሠሩት ይበልጥ ያወጣሉ፤ እነርሱን ለመለየት ግን የጌጡን ነጠብጣብ፣ የንስሩን የጅራት ላባና የጠርዙን ቅርጽ በአጉሊ መነጽር የሚመረምር ዐዋቂ ያስፈልጋል።

በቤት ውስጥ እንዴት እንመርምረው?

1. ክብደት፦ ጠገራ 28 ግራም ከጥቂት ነጥብ ይመዝናል። ብዙ ካገለገለ በጥቂቱ ሊቀንስ ይችላል። 24 ወይም 25 ግራም ብቻ ከሆነ ጠርጥሩ። የወጥ ቤት ሚዛን ለመጀመሪያ ግምት ይበቃል።

2. ስፋት፦ ከዳር እስከ ዳር 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።

3. ማግኔት፦ ብር በማግኔት አይሳብም። ከተሳበ ብር አይደለም። ባይሳብም ግን ይህ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

4. ጠርዝ፦ ፊደሎቹ ከጠርዙ ላይ ጎልተው መታየት አለባቸው። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ወይም መሐሉን የሚዞር የመጋጠሚያ መስመር ካለው አስመስለው የሠሩት ሊሆን ይችላል።

5. ዋጋ፦ ከጠገራው ክብደት ከመቶ 83 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ ይህም 23.4 ግራም ይሆናል። በምትሸጡበት ቀን የአንድ ግራም ንጹሕ ብር ዋጋ ስንት እንደሆነ ጠይቁና በ23.4 አባዙት። ሻጭም ገዢም ብትሆኑ ይህን ቁጥር በልባችሁ ያዙ። ነጋዴ ትርፍ ይይዛል፤ ግማሹን ብቻ ቢሰጣችሁ ግን ሌላ ሱቅ ጠይቁ። በአል ሙዒዝ መንገድ አጠገብ ባለው የአንጥረኞች ሰፈር፣ በሳጋ፣ ሱቆቹ ጎን ለጎን ስለሆኑ ሦስት ቦታ መጠየቅ አያስቸግርም።

መስቀል፣ ድሪና አልቦ ከሆነ ግን በዚህ ስሌት አትሂዱ። አንጥረኛው ሌላ ማዕድን ቀላቅሎ ሊሆን ስለሚችል አስመርምሩ። የእጅ ሥራውም ዋጋ አለው። የእናት ስጦታ ከሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ ከቀለጠ ተመልሶ እንደማይገኝ አስባችሁ ወስኑ።

መሰብሰብ ለምትፈልጉ

ሳንቲም የሚሰበስቡ ሰዎች ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር ከአንድ አገር መጀመር ነው። ሁሉን ልሰብስብ ያለ ገንዘቡን በትኖ ምንም ሳያውቅ ይቀራል። ለእኛ ኦስትሪያ ጥሩ መነሻ ትሆናለች፤ በጠገራው ምክንያት ታሪኳ ከታሪካችን ጋር ተገናኝቷልና።

በማዓዲ ወይም በዛማሌክ ከአውሮፓውያን ቤተሰብ ጋር የምትሠሩ እህቶች የዩሮ ሳንቲም አይታችሁ ይሆናል። የኦስትሪያ መደበኛ የ2 ዩሮ ሳንቲም በ1905 የሰላም ኖቤል ሽልማት የተቀበለችውን የበርታ ፎን ሱትነርን መልክ ይዟል። ይህን ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ናት። ኦስትሪያ የመጀመሪያውን የ2 ዩሮ መታሰቢያ ያወጣችው በ2005 ሲሆን፣ ነጻነቷን የመለሰላት ውል የተፈረመበትን 50ኛ ዓመት ያስባል። በ2018 ደግሞ የሪፐብሊኩን 100ኛ ዓመት የሚያስብ አወጣች። እነዚህ በብዛት ስለ ወጡ በአብዛኛው ከ2 ዩሮ ብዙም አይበልጡም። «ብርቅ ነው» ለሚል ሻጭ ቶሎ አትመኑ። የካይሮ ምንዛሪ ቤቶችም አብዛኛውን ጊዜ የወረቀት ገንዘብ እንጂ ሳንቲም አይቀበሉም።

አንድ ነገር አጥብቀን እንንገራችሁ። በሥራ ቤታችን የብር ሹካና ሰሐን ወልውለን ማንጸባረቅ ሙያችን ነው። በሳንቲም ላይ ግን ይህን ሙያ እርሱት። በሎሚ፣ በአመድ ወይም በሳሙና የታሸ ሳንቲም በሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወድቃል። ጥቁረቱን እንዳለ ተዉት። በጠርዙ ብቻ ያዙት፣ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁም ደረቅ ቦታ አስቀምጡት።

በካይሮ ልናደርገው የሚገባ ጥንቃቄ

ማዳም ሳንቲም ወይም የብር ዕቃ ብትሰጣችሁ ምን እንደ ሰጠቻችሁና ቀኑን ጠቅሳ በወረቀት ጽፋ እንድትፈርም በትሕትና ለምኗት። ቤተሰቡ ሲጣላ ወይም ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሠራተኛ ነው። ያች ትንሽ ወረቀት ከእስር ልታድናችሁ ትችላለች። መሬት ላይ ወድቆ ያገኛችሁትን ሳንቲም፣ ትንሽ ቢሆንም፣ በሚታይ ቦታ አስቀምጡና ንገሩ።

በረኛ ወይም መንገደኛ «ከመሬት የወጣ የፈርዖን ወይም የሮማ ገንዘብ» ብሎ ቢያቀርብላችሁ እጃችሁን አትዘርጉ። የግብጽ የቅርስ ሕግ፣ ቁጥር 117 የ1983 እ.ኤ.አ.፣ በጥንታዊ ቅርስ መነገድን ይከለክላል፤ ቅጣቱም እስራት አለው። ሐሰተኛ ከሆነ ገንዘባችሁ ይጠፋል፣ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ነጻነታችሁ።

ጠገራ ከሱቅ ስትገዙ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ወደ አገር ስትመለሱም ከእናንተ አይለይ። ከአገር ቤት ይዛችሁት የመጣችሁትን በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ ማን እንደ ሰጣችሁም በማስታወሻ ጻፉ። ከእናንተ በኋላ ለሚረከቡት ልጆች ከብሩ ይልቅ ያ ጽሑፍ ሊበልጥባቸው ይችላል።

በምሳሌው ያለችው ሴት ያጣችውን ድሪም ስታገኝ ጎረቤቶቿን ጠርታ ደስ አላት። እናንተም ይህን ያነበባችሁ ማንበብ ለማትችል እህት አንብቡላት። በችግር ቀን ጠገራዋን ይዛ ከመውጣቷ በፊት መጀመሪያ በሚዛን ላይ ታስቀምጠው።

እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ። አሜን።