ሰፈር ከመፍረሱ በፊት ምን ይመዝገብ?

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ካዛንቺስ ሲፈርሱ ብዙዎቻችን ስልካችንን አውጥተን ፎቶግራፍ አንስተናል። ፎቶግራፉ ግን የግድግዳውን ቀለም እንጂ ከግድግዳው ጀርባ ማን ከማን ጋር እንደኖረ አይናገርም። መፍረሱ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር የራሱ ቦታ አለው። እኔ የማነሣው አንድ ሰፈር ሊፈርስ ሲል ከፍርስራሹ ጋር አብሮ የሚጠፋው ምን እንደሆነና እንዴት ሊተርፍ እንደሚችል ነው።

በአዲስ አበባ የሰፈር ስም ራሱ ታሪክ ነው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው በየተሰጣቸው ቦታ ሰፈሩ፤ “ሰፈር” የሚለው ቃልም ከዚሁ የመጣ ነው። ሠራተኛ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከባለ እጆቹ ነው። ካዛንቺስ ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ምህፃረ ቃል የተወሰደ ነው፤ “ካዛ” በጣሊያንኛ ቤት ማለት ነው። ቤቶቹ ሲሄዱ ስሙ ቢያንስ በታክሲ ረዳቶች አፍ ይቆይ ይሆናል። የነዋሪው ታሪክ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም።

“መንግሥት ዘንድ ፋይል አለ” የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ በኋላ የቀበሌ ቤት ሁሉ ፋይል ተከፍቶለታል። ፋይሉ የሚያውቀው ግን የቤት ቁጥሩን፣ የኪራዩን መጠንና የውል ተቀባዩን ስም ነው። ደባሉን፣ በጓሮው ክፍል ልጅ ያሳደገችውን እንጀራ ጋጋሪ፣ በረንዳው ላይ ሠላሳ ዓመት የሰፋውን ልብስ ሰፊ አያውቃቸውም። እነሱ እዚያ እንደኖሩ የሚመሰክረው ጎረቤት ብቻ ነው።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ባደግኩበት ሰፈር የቀሩትን አዛውንቶች እየዞርኩ ድምፃቸውን ስቀዳ ቆይቻለሁ። በመጀመሪያ የተረዳሁት “መቼ?” የሚለው ጥያቄ ወሬ እንደሚዘጋ ነው። “በጃንሆይ ጊዜ ነው ወይስ ከአብዮቱ በኋላ?”፣ “የመጀመሪያ ልጅዎ ተወልዶ ነበር?” ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ከዚያ አንድ ትልቅ ወረቀት ዘርግቶ መንገዱንና ወንዙን መሳል፣ ቤቶቹን ተራ በተራ ማስሞላት ነው። ሁለት እናቶች የቦኖው ውኃ የት እንደነበር ሲከራከሩ የሰማሁት ታሪክ ለብቻ ካነጋገርኳቸው ሁሉ ይበልጣል፤ በክርክሩ መሀል ውኃ ቀጂዋ፣ ወረፋው፣ የታረቁና የተኳረፉ ሰዎች ሁሉ ወጡ። ባይስማሙም የሁለቱንም ቃል እንዳለ ጻፍኩት።

ሁለተኛው ሀብት የዕድር መዝገብ ነው። ማን መቼ እንደገባ፣ ማን እንደሞተ፣ ድንኳኑና ብረት ድስቱ በስንት እንደተገዛ በየወሩ ተጽፎ ይገኛል። የቤት ባለቤት የሆነውም ያልሆነውም እኩል የተመዘገበበት ሰነድ ከዚህ ሌላ አላየሁም። ዕድሩ ሲበተን ግን መዝገቡ የመጨረሻው ጸሐፊ አልጋ ሥር ይቀራል። ስለዚህ በዳኛውና በአባላቱ ፈቃድ ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ ማንሣት ያስፈልጋል። የግድግዳና የአልበም ፎቶዎችም እንዲሁ፤ በምስሉ ላይ ያሉትን ስም ከግራ ወደ ቀኝ አስነግሮ መጻፍ አለበለዚያ የማይታወቁ ሰዎች ምስል ሆኖ ይቀራል።

ጥንቃቄ የሚሻ ጉዳይም አለ። ቀይ ሽብር ያላለፈበት የአዲስ አበባ ሰፈር ማግኘት ይቸግራል፤ የጠቋሚም የሟችም ቤተሰብ እስከ ዛሬ ጎን ለጎን የሚኖርበት አለ። ተናጋሪው ስሙ እንዲጠቀስ፣ ቅጂው አሁን ወይም ከዓመታት በኋላ እንዲሰማ ራሱ ይወስን። “ይህን አጥፋልኝ” ካለም ይጠፋለት።

የተሰበሰበው በአንድ ስልክ ውስጥ ከቀረ ግን ስልኩ የጠፋ ዕለት ሰፈሩ ሁለተኛ ፈረሰ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ቅጂ መጀመሪያ ቀኑንና ቦታውን መናገር፣ ተናጋሪው ከፈቀደም ስሙን መጨመር፣ አንዱን ቅጂ ለቤተሰቡ፣ አንዱን ለዕድሩ መስጠት ይገባል። ወመዘክርን ወይም በስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስለ ማስቀመጡ ማነጋገርም ደግ ነው።

ይህ ሁሉ ከመፍረሱ በኋላም ሊሠራ ይችላል የሚሉ አሉ። አዎ፣ እማማን ኮንዶሚኒየም ድረስ ሄዶ ማነጋገር ይቻላል። ነገር ግን “አይደለም፣ ቦኖው ከወፍጮ ቤቱ በታች ነበር” የሚሏት ጎረቤቷ በሌላኛው የከተማ ጫፍ ናቸው። የሰፈር ትዝታ በአንድ ሰው ዘንድ ሙሉ ሆኖ አይገኝም፤ በጎረቤቶች መካከል ተከፋፍሎ የተቀመጠ ነው። በቅርብ ዓመታት እንዳየነውም ከማስታወቂያው እስከ ዶዘሩ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ሰፈርዎ ገና ከቆመ፣ የዕድሩ ቀጣይ ስብሰባ የሚደረግበትን ቀን ዛሬውኑ ይጠይቁ።