ቀኑን ሳይሆን ሥርዓቱን መላክ፦ የአይካሌንደር ትውውቅ

በየኪሳችን በሚዞረው ስልክ ውስጥ የቀን መቍጠሪያ መኖሩን የማያውቅ የለም፤ ዳሩ ግን አንድ ሰው በጎንደር ሆኖ የጻፈው ቀጠሮ፥ ሌላ ድርጅት የሠራውን ስልክ ለያዘና በሌላ አህጉር ለሚኖር ወዳጁ ሳይዛነፍ የሚደርሰው በምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የሚያደርሰው አይካሌንደር የተባለው የጋራ ሥርዓት ነው። ፍራንክ ዶውሰንና ዴሪክ ስቴነርሰን አዘጋጅተውት እ.ኤ.አ. በ1998 አርኤፍሲ 2445 በሚል ቍጥር ወጣ፤ በ2009 በአርኤፍሲ 5545 ታርሞ ተተካ። ለሁሉ የተከፈተ ነውና ማንም ያለ ክፍያ ያነበዋል፥ ይሠራበታልም። የቀጠሮው መጀመሪያና መጨረሻ፥ ርእሱና የብቻው መታወቂያ በተራ ጽሑፍ በየመስመሩ ይሰፍራሉ። ስለ መሠረቱ ይህ ይበቃል።

እኔ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው የድግግሞሽን ሕግ ነው። በየዓመቱ ወይም በየወሩ የሚመላለስ ነገር ሲኖር አይካሌንደር የቀኖችን ዝርዝር አይልክም፤ ቀኖቹ የሚወለዱበትን ሕግ በአንድ መስመር ይልካል፥ ተቀባዩም ከሕጉ ተነሥቶ ራሱ ያሰላዋል። ለእኛ ይህ እንግዳ ጥበብ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ የምትሰጠው ባሕረ ሐሳብ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው፥ ቀኖች ተዘርዝረው ሳይሆን ወንበሩ፥ አበቅቴውና መጥቅዑ የሚወጡበት ቀመር በቃል እየተጠና ነው፤ ስለዚህም መጽሐፍ በእጁ የሌለው የደብር ሊቅ እንኳ በእንቍጣጣሽ ዕለት ቆሞ የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ያውጃል።

ይህን የዘነጋ ሰው የሚወድቅበትን ስሕተት በጎንደር ዘወትር እናያለን። ብዙ ሰው፥ ከእነርሱም መካከል እንግዳ አስተናጋጆችና የጕዞ መርሐ ግብር አዘጋጆች፥ «ጥምቀት በፈረንጅ ጥር 19 ነው» ብለው በስልካቸው ይጽፉና «በየዓመቱ ይደገም» የሚለውን ይነካሉ። ጥምቀት ግን በፈረንጅ ጥር 19 አይደለም፤ በእኛ ጥር 11 ነው። በሦስቱ ወንጌላውያን ዘመን ሁለቱ ቀኖች ይገጥማሉ፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን አይገጥሙም። ምክንያቱም በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጕሜን 6 ቀን ስለምትሆን እንቍጣጣሽ በፈረንጅ ወደ መስከረም 12 ይገፋል፤ ፈረንጆቹም የእነርሱን ትርፍ ቀን እስከ የካቲት 29 ድረስ ስለማይጨምሩ፥ በመካከል ያሉት በዓላት ሁሉ በአንድ ቀን ይዘገያሉ። በ2016 ዓ.ም. ጥምቀት በእነርሱ አቆጣጠር ጥር 20 ቀን 2024 ዋለ፤ በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ጥር 20 ቀን 2028 ይውላል።

በአንድ ዘመነ ዮሐንስ ከባሕር ማዶ የመጣ ዘመዳችን ይህን ሳያውቅ ቀርቶ፥ የከተራውን ዕለት በዓሉ ራሱ መስሎት፥ በማግሥቱ ማለዳ ታቦታቱ በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ባሉበት ሰዓት ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደ። አክስታችን ሲሰናበታት፥ «ምነው ልጄ፥ ዘመኑ ዮሐንስ መሆኑን የሚነግርህ ሰው አጣህ?» አለችው። ስልኩ ሊነግረው ይችል ነበር፤ የተሰጠው ግን የተመነዘረ ቀን እንጂ ሥርዓቱ አልነበረም።

እንግዲህ መድኃኒቱ ተጽፎ ተቀምጧል። ሳይረስ ዳቡና ግሪጎሪ ያኩሼቭ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት አርኤፍሲ 7529፥ የድግግሞሹ ሕግ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሚሰላ የሚናገር «አርስኬል» የተባለ ቃል ተጨምሯል፤ ከተሰጡትም ምሳሌዎች አንዱ የእኛዋ ጳጕሜን ናት። አቆጣጠሩ የኢትዮጵያ፥ ወሩ 5ኛ፥ ቀኑ 11ኛ ተብሎ ከተጻፈ ጥምቀት በየትኛውም ዘመን አይስትም። በየወሩ በ21 የእመቤታችንን ጽዋ የሚጠጣ ማኅበርም እንዲሁ ነው፤ ኅዳር 21 በፈረንጅ ኅዳር 30 ስለ ዋለ «በየወሩ በ30» ብሎ የጻፈ ሰው፥ ጥር 21 በ29 ስለሚውል በሦስተኛው ወር ላይ ይሳሳታል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተጻፈ ግን፥ በጳጕሜን 21ኛ ቀን ስለሌለ ሕጉ ያችን ወር ዘልሎ ወደ መስከረም ይሻገራል።

ይህን ቃል ገና የማያነቡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ስለዚህ የቀን መቍጠሪያ የሚሠሩ ወጣቶቻችን አስቀድመው ይህን እንዲያስተምሩት እለምናለሁ። ሰዓትንም በሚመለከት፥ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት በሥርዓቱ 9 ሰዓት ተብሎ የአዲስ አበባ የሰዓት ክልል ስም ሊታከልበት ይገባል፤ ሰዓቱ በዓመት ሁለት ጊዜ በሚለዋወጥበት አገር የሚኖር ወዳጅ የሚድነው በዚህ ስም ነው።

ለፋሲካ ግን የድግግሞሹ ሕግ አይበቃም። የ2018 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 7518 ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱ ሲቀነስ ወንበሩ 12፥ ይህም በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል። መስከረም 18 እሑድ ስለ ዋለ የእሑድ ተውሳክ 7 ተጨምሮ ጾመ ነነዌ በጥር 25፥ ፋሲካም ከዚያ 69 ቀን ተቈጥሮ በሚያዝያ 4 ሆነ። ይህን ሁሉ በአንድ የአይካሌንደር መስመር መጻፍ አይቻልም፤ ስለዚህ በዓሉ የሚውልባቸው ቀኖች አንድ በአንድ ተዘርዝረው ይላካሉ። ዝርዝሩን የሚያወጣ ሰው ባሕረ ሐሳብን ማወቅ አለበትና፥ የኮምፒዩተር ተማሪ ፕሮግራሙን ከመጻፉ በፊት ከደብሩ ሊቅ ዘንድ ሄዶ ቀመሩን ይማር፤ ሊቁም ስሌቱን ለተማሪው አይንፈገው።